የቆጡን ለማውረድ የብብታችንን አንጣል
የኢንዶኔዥያ ሙስሊሞች፣ እንግሊዝኛና የአያቶች ቋንቋ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ሙስሊም ቤት ውስጥ የሚነሳ ነው። ሁላችንም ልጆቻችን እንግሊዝኛ አቀላጥፈው እንዲናገሩ እንመኛለን። ለዚህም ብለን ከጉሮሯችን ቀንሰን የትምህርት ቤት እንከፍላለን። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ እንግሊዝኛውን ሲይዝ የአያቱን ቋንቋ የሚጥል ከሆነ ትርፉና ኪሳራው እንዴት ይሰላል? ይህን ጥያቄ ከእኛ በሰፋ መልኩ የተጋፈጠ አንድ ታላቅ ሙስሊም ሕዝብ አለ። እሱም የኢንዶኔዥያ ሕዝብ ነው። ዛሬ ከዚያ አገር ተሞክሮ ትምህርት እንቀስማለን፣ ኢንሻአላህ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ውድ አድማጮች፣ ኢንዶኔዥያ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሙስሊሞች የሚኖሩባት የደሴቶች አገር ናት። የአገሪቱ መንግሥት የቋንቋ ተቋም ባካሄደው ጥናት 718 የአካባቢ ቋንቋዎች ተመዝግበዋል። ይህን ያህል ቋንቋ ያለው ሕዝብ በምን ይግባባል? ወጣቶቻቸው በጥቅምት 1928 ተሰብስበው ቃል ሲገቡ የአንድነት ቋንቋ አድርገው የመረጡት የብዙኃኑን ጃቫኛ ሳይሆን በወደቦችና በገበያዎች ሲነገር የኖረውን ማላይኛን ነበር። ይኸው ቋንቋ ዛሬ ኢንዶኔዥያኛ ይባላል። ነፃነታቸውን ከተቀዳጁ በኋላም የቅኝ ገዥያቸውን የደች ቋንቋ ትተው ለውጭ ግንኙነት እንግሊዝኛን በቀዳሚነት አስተማሩ።

ስለዚህ በሎምቦክ ደሴት የሚያድግ አንድ ሙስሊም ልጅ በቤቱ ሳሳክኛ ይናገራል፣ በትምህርት ቤት በኢንዶኔዥያኛ ይማራል፣ ቁርአንን በዓረብኛ ይቀራል፣ ከዚያ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጨመርለታል። አራት ቋንቋ ማለት ነው። ይህ ሸክም ነው ወይስ ሀብት? መልሱ እንደ አያያዙ ነው።

በመጀመሪያ የሃይማኖታችንን ሚዛን እንመልከት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም የቋንቋዎቻችንና የመልኮቻችን መለያየት ከታምራቱ አንዱ መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱ ኢብራሂምም መልዕክተኞች ሁሉ በየሕዝባቸው ቋንቋ የተላኩት ግልጽ አድርገው እንዲያስረዱ መሆኑን እንረዳለን። በሌላ በኩል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣቱን ሰሐባ ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውት እሱም በአጭር ጊዜ ውስጥ ተምሮ ደብዳቤያቸውን ይጽፍላቸውና ያነብላቸው ነበር። ዘይድ ሌላ ቋንቋ በመማሩ ዓረብኛውን አልጣለም። እንዲያውም በኋላ ቁርአንን በአንድ ጥራዝ የማሰባሰብ ታላቅ አደራ የተሰጠው ለእሱ ነው። ስለዚህ የሌላውን ቋንቋ መማር ሱንና የሚደግፈው፣ የራስን ማክበርም የአላህን ታምር ማክበር ነው።

ይህን ሚዛን የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች በተግባር አሳይተዋል። በ1926 በሱራባያ ከተማ በተደረገ የሙስሊሞች ስብሰባ ላይ መካ በሚካሄደው ጉባኤ የሚወክላቸው ሰው ይፈለግ ነበር። ዓረብኛም እንግሊዝኛም የሚችል አንድ ሰው ግን አልተገኘም። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎችን፣ ማለትም ሐጂ ዑመር ሰዒድ ቾክሮአሚኖቶንና ኪያይ ማስ መንሱርን ላኩ። ይህ ነገር ካሳሰባቸው መካከል ኪያይ አሕመድ ሳሃል ይገኙበታል። እሳቸው ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር በዚያው ዓመት በምሥራቅ ጃቫ በፖኖሮጎ አውራጃ ጎንቶር በተባለች መንደር አዳሪ መድረሳ አቋቋሙ። እነሱ እንዲህ ያለውን መድረሳ ፔሳንትሬን ይሉታል። በጎንቶር ተማሪዎች በግቢው ውስጥ ዓረብኛና እንግሊዝኛን በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ይናገራሉ። ቋንቋውን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በምግብ ቤት፣ በኳስ ሜዳና በመኝታ ክፍል ይለምዱታል ማለት ነው።

ከዚሁ መድረሳ የወጣ አንድ ሰው ታሪክም ለወላጆች የሚጠቅም ነው። ካሌንድ ኦሰን የተባለው ይህ ሰው የቦርኒዮ ደሴት ተወላጅ ሲሆን ጎንቶር ገብቶ ሲማር ገንዘብ ስላጠረው ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋረጠ። ከዚያም ወደ ፓሬ ከተማ ሄዶ ብዙ የውጭ ቋንቋዎችን ከሚያውቁት ከኡስታዝ አሕመድ ያዚድ ዘንድ ተቀመጠ። አንድ ቀን ሁለት የእስልምና ኮሌጅ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸው ኡስታዝ ፍለጋ መጡ። ኡስታዙ በቦታው ስላልነበሩ ወደ ካሌንድ ተመሩ። በመስጊድ ሰገነት ላይ ጥቂት ቀናት አስተማራቸው፣ እነሱም ፈተናውን አለፉ። ወሬው ተሰማና በ1977 በጥቂት ተማሪዎች ኮርስ ከፈተ። ዛሬ ፓሬ «የእንግሊዝኛ መንደር» ተብላ በመላ አገሪቱ ትታወቃለች። የቋንቋ ትምህርት ቤቶቿም ከመቶ በላይ ናቸው። ገንዘብ አጥሮት ያቋረጠ ደረሳ ባወቀው ጥቂት ነገር ሌላውን በማስተማሩ አላህ በረካ ሰጠበት።

ውድ አድማጮች፣ እስካሁን የነገርናችሁ የስኬቱን ወገን ነው። ሌላው ወገን ግን ያሳስባል። በ2010 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ100 ኢንዶኔዥያውያን 79 ያህሉ በቤታቸው የሚናገሩት የአካባቢ ቋንቋቸውን ነበር። በ2020ው ቆጠራ ይህ ቁጥር ወደ 74 ወርዷል። በዕድሜ ሲከፋፈል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከአዛውንቱ ትውልድ ከ100 ወደ 85 የሚሆነው የአያቶቹን ቋንቋ በቤቱ ሲናገር ከትንንሾቹ ልጆች ግን ወደ 62 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። በማሉኩና በፓፑዋ ደሴቶች 11 ቋንቋዎች ተናጋሪ አጥተው መጥፋታቸውን የመንግሥቱ የቋንቋ ተቋም አስታውቋል።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ጥፋት ነውን? አይደለም። የቤት ቋንቋ የሚጠፋው እናትና አባት ለልጃቸው መናገር ሲያቆሙ ነው። አብዛኛው ወላጅ የሚያቆመውም ልጁን ስለሚወድ ነው። «ቋንቋ ከበዛበት ይምታታበታል፣ በትምህርቱ ወደ ኋላ ይቀራል» ብሎ ይሰጋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሲጠፋ የሚጠፋው ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በጃቫኛ «መብላት» የሚለው ቃል እንደ ሰዉ ክብር ይለያያል። ለእኩያ «ማንጋን» ይባላል፣ በትሕትና ሲነገር «ኔዳ» ይሆናል፣ ለታላቅ ሰው ደግሞ «ዳሃር» ነው። እኛም «አንተ» እና «እርስዎ»፣ «ብላ» እና «ይብሉ» እንደምንለው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም የሚጠቀመው አንድ ቃል ነው። የጃቫ ልጅ የአክብሮቱን ንግግር ሳይለምድ ካደገ አያቱን ሲያነጋግር አንደበቱ ይታሰራል። ለታላቅ የሚሰጥ አደብ በምላስ የሚገለጽበት መንገድ ተቆረጠበት ማለት ነው።

የዲን ትምህርቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የጃቫ ዑለማዎች ጃቫኛን «ፔጎን» በሚሉት የዓረብኛ ፊደል እየጻፉ ለዘመናት አስተምረዋል። ኪያይ ቢስሪ ሙስጠፋ በ1960 የፈጸሙት «አል-ኢብሪዝ» የተባለው ተፍሲር በዚሁ ፊደል በጃቫኛ የተጻፈ ነው። የገበሬው ቤተሰብ የቁርአንን ትርጉም በሚገባው ቋንቋ እንዲያገኝ ነበር ድካማቸው። የአገሪቱ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴርም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሳሳክኛንና ማካሳርኛን ጨምሮ ከ20 በሚበልጡ የአካባቢ ቋንቋዎች የቁርአንን መልዕክት አስተርጉሟል። ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ ይህ ሁሉ ቅርስ ተዘግቶበት ይቀራል። ይህ ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችንም የወሎና የሐረር ዑለማዎች አማርኛንና ሐረሪን በዓረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማና ትምህርት አውርሰውናል። ዓጀም የምንለው ይህ ነው።

ከምርምሩ ወገን ደግሞ አንድ ልብ የሚነካ ግኝት አለ። በማሉኩ በምትገኘው በአምቦን ደሴት የቋንቋ ተመራማሪዎች የሙስሊምና የክርስቲያን መንደሮችን አነጻጽረው አጥንተዋል። በክርስቲያን መንደሮች ቤተ ክርስቲያኑና የቅኝ ገዥዎች ትምህርት ቤት በማላይኛ ስለሠሩ ነባሮቹ ቋንቋዎች ከረጅም ጊዜ በፊት ተዳክመዋል። በሙስሊም መንደሮች ግን ሰዉ ዲኑን በዓረብኛ እየቀራ፣ ገበያውን በማላይኛ እየገበያየ፣ ቤቱንና ጉባኤውን በራሱ ቋንቋ አቆይቷል። እንግዲህ እስልምና የመንደሩን ቋንቋ አልገደለም። ይህ ግን የምንመካበት አይደለም። በዛሬው ጊዜ በእነዚህ መንደሮች ያሉ ወጣቶችም ቋንቋውን እየተዉ መምጣታቸውን እነዚሁ ጥናቶች ያሳያሉ።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛና የአካባቢ ቋንቋ ሊረዳዱ እንደሚችሉ እናያለን። በአምቦን የምትገኘው የአሲሉሉ የተባለች ሙስሊም መንደር ቋንቋ ዛሬ ከእንግሊዝኛ ጋር የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት አለው። ያዘጋጁት ጄምስ ኮሊንስ የተባሉ ምሁር ናቸው። ሆኖም የመንደሩ እናት በእንግሊዝኛ የተብራራውን መጽሐፍ እንዴት ታነባለች? ለዚህ ነው እንግሊዝኛ የተማረው የመንደሩ ልጅ የሚያስፈልገው። እሱ ስለ ሕዝቡ የተጻፈውን አንብቦ ለሕዝቡ መመለስ፣ የጎደለውን መሙላት፣ የተሳሳተውን ማረም ይችላል። ሁለቱንም ከያዘ ድልድይ ይሆናል። አንዱን ከጣለ ግን ድልድዩ በአንድ እግር ይቆማል።

የኢንዶኔዥያ መንግሥትም በዚህ ጉዳይ ወዲያና ወዲህ ብሏል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ «ዓለም አቀፍ ደረጃ» የተባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጥር 2013 ድሃውን ከሀብታሙ ይለያሉ፣ የአገሪቱንም ቋንቋ ያዳክማሉ በማለት የቆሙበትን የሕግ አንቀጽ ሻረው። በዚያው ዓመት በወጣው ሥርዓተ ትምህርት እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃ ግዴታ ትምህርቶች ውጪ ሆነ። በ2025 በወጣ ደንብ ደግሞ ከ2027/28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከ3ኛ ክፍል አንስቶ ግዴታ እንዲሆን ተወስኗል። በሌላ በኩል በ2022 የአካባቢ ቋንቋዎችን የማነቃቃት መርሐ ግብር በ38 ቋንቋዎች ተጀምሯል። ልጆች በአያቶቻቸው ቋንቋ ተረት እየተረኩ፣ ግጥም እያነበቡና ቀልድ እያወሩ የሚወዳደሩበት በዓልም ተዘጋጅቶላቸዋል። መንግሥት ደንብ ያወጣል፣ ደንብም ይለወጣል። የማይለወጠው የቤት ኃላፊነት ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ እኛ ሙስሊም ቤተሰቦች ምን እንውሰድ?

አንደኛ፣ ልጆቻችን እንግሊዝኛን በርትተው ይማሩ። ትምህርቱ ግን እንደ ጎንቶርና እንደ ፓሬ በመናገር ይሁን። ሕግጋቱን ሸምድዶ አፉን የማይከፍት ልጅ ቋንቋ ተማረ አይባልም።

ሁለተኛ፣ በቤታችን የራሳችንን ቋንቋ እንናገር። «ይምታታበታል» የሚለውን ፍራቻ እንተው። በደሴቶቹ ያሉ ሚሊዮን ልጆች ሦስትና አራት ቋንቋ ይዘው ያድጋሉ። የእንግሊዝኛ መምህራንም ለልጁ ከባድ የሆነውን ነገር በሚያውቀው ቋንቋ ቢያስረዱት ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም። ለምሳሌ በኢንዶኔዥያኛ ግስ በጊዜ አይለዋወጥም። ትናንትም ነገም ቃሉ ያው ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር ተማሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍ አስቀድሞ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ዱዓቸውን፣ ምሳሌያቸውንና መንዙማቸውን እንመዝግብ። ስልክ የሌለበት ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። በየዕለቱ ለከንቱ ከምንጠቀምበት ጊዜ አንድ ሰዓት ብንቀንስ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አደራ እናስቀምጣለን።

አራተኛ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ስለተናገረ ብቻ አናጨብጭብለት፣ በእናቱ ቋንቋ ስለተናገረም አናፍርበት። ልጅ የሚከበርለትን ይይዛል፣ የሚናቅበትን ይጥላል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ቋንቋ ከአላህ የተሰጠ ኒዕማ ነው። ኒዕማን የሚያመሰግን ሰው ይጨመርለታል። አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፣ የአባቶቻቸውን አደብ የሚጠብቁ፣ ለኡማውም ለአገራቸውም የሚጠቅሙ ያድርጋቸው። አሚን።