ካሴቱን ከመገልበጣችሁ በፊት

እሱ፦ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ልትገለብጡ ያሰባችሁ አድማጮች፣ መጀመሪያ የቴፑን ቁልፎች እዩ።

እሷ፦ ዶልቢዋን ማለትህ ነው?

እሱ፦ እሷን። የካሴት ክር ቀጭን ነው፤ በሰከንድ የሚሄደውም 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ስለዚህ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ አይቀርም።

እሷ፦ ዶልቢ ቢ ሲቀዳ ደካማዎቹን ቀጫጭን ድምፆች ከፍ ያደርጋል፣ ሲያጫውት መልሶ ይቀንሳቸዋል። ሽሽታውም አብሮ ይወርዳል፤ እስከ 10 ዴሲቤል ድረስ።

እሱ፦ ታዲያ ሁልጊዜ ይከፈት?

እሷ፦ ኧረ በጭራሽ! ያለ ዶልቢ በተቀዳ ካሴት ላይ ከከፈትከው ማሲንቆው ይታፈናል።

እሱ፦ የድምፅ ማመጣጠኛው ቁልፍ፣ ኢኪውስ? ለተራው ክር 120 ማይክሮሰከንድ፣ ለክሮም 70።

እሷ፦ የካሴቱን ጀርባ እዩ። ላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ከምንሰብራት ክዳን አጠገብ ተጨማሪ ቀዳዳ ካለ 70 ነው።

እሱ፦ ክሮም ሁሉ 70 ነዋ?

እሷ፦ አይደለም። ከፋብሪካ ተቀድተው የወጡ አንዳንድ የሙዚቃ ካሴቶች ክራቸው ክሮም ሆኖ በ120 የተቀዱ ናቸው፤ ያቺ ቀዳዳም የለቻቸውም።

እሱ፦ ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ግን ሽሽታውን በኋላ በሶፍትዌር ማጥፋት ይቻላል እኮ።

እሷ፦ ይቻላል፤ ጥሬው ፋይል ግን ሳይነካ ይቀመጥ። የዘፋኙን ትንፋሽ ጠርጎ የሚወስድ ማጽጃ ያናድደኛል!

እሱ፦ በዚህ እንስማማለን። ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበው ሄድስ?

እሷ፦ ቀድሞ በአልኮል ይጠረግ። የቆሸሸ ሄድ ቀጫጭኑን ድምፅ ይበላል፤ ዶልቢው ደግሞ የጎደለውን ይባስ ያጎድለዋል።