ለመጀመሪያ ትራያትሎን የሚስማማ ቢስክሌት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ትራያትሎን ማለት ዋና፥ ቢስክሌትና ሩጫ ያለ ዕረፍት የሚከታተሉበት ውድድር ነው። በኦሊምፒክ የገባው በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ነበር። ለጀማሪ የሚስማማው አጭሩ ርቀት 750 ሜትር ዋና፥ 20 ኪሎ ሜትር ቢስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው።

እኛ ልምምድ ስንጀምር ያሳሰበን ውሃው ሳይሆን ቢስክሌቱ ነበር፤ ገንዘቡ ከወላጆቻችን ኪስ የሚወጣ ነውና። በመጀመሪያ መልኩ ያማረንን ትልቅ ቢስክሌት ተውሰን ሞከርን። ነገር ግን እግራችን መሬት በደንብ ስለማይደርስ አንዳችን ቁልቁለት ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ እንደማያምር ያን ጊዜ ገባን።

ስለዚህ የምንመክረው ይህ ነው። አንደኛ፥ ልክን መመልከት ይገባል። አግዳሚውን ብረት በሁለት እግር መካከል አድርገን ስንቆም ጥቂት ክፍተት ይኑር፤ በኮርቻው ላይ ተቀምጠን ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድም ጉልበታችን በመጠኑ ይጠፍ። ሁለተኛ፥ ፍሬኑን አስቀድሞ መፈተን ነው። ሦስተኛ፥ የተራራ ቢስክሌት ያለው ሰው ሌላ አይግዛ፤ ሸካራውን ጎማ በቀጭንና በልሙጥ ጎማ ቢለውጠው በአስፋልት ላይ ይቀለዋል። የክንድ ማሳረፊያ ያለው የውድድር ቢስክሌት ዋጋው ውድ፥ አነዳዱም ልምድ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ይቆይ። የራስ ቁር ግን ከሁሉ በፊት ይገዛ።

እኛም አሮጌ ቢስክሌት ጠግነን ይዘናል። አንደኛ መውጣቱ ባይሆንልንም፥ ሦስቱን ጨርሰን በደኅና እንደምንገባ ተስፋችን ጽኑ ነው።