ስማችን ያለበት ወረቀት

(በአሞራ ገደል በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ በማኅበራችን ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሕግ ነው። ሕግ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፍርድ ቤትና ጠበቃ ነው። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ከወጡት አዋጆች መካከል ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠውን፣ ቡና አፍልታ የምታድረውን፣ ልጇን ፋብሪካ የላከችውን እናት በቀጥታ የሚነኩ አሉ። ሦስቱን መርጠናል።

የመጀመሪያው የብድር ነው። ከመካከላችን ብድር ጠይቃ «ካርታ አለሽ ወይ?» ያልተባለች የለችም። የቤት ካርታ የሌላት ሴት ከዕቁብ በቀር ብዙ መሄጃ አልነበራትም። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ግን የሚንቀሳቀስ ንብረትም ለብድር ዋስትና እንዲሆን በር ከፍቷል። ፍሪጅ፣ ማሽን፣ ከብት፣ በሱቅ ያለ ሸቀጥ ሊያዝ ይችላል። ዕቃው ከእጃችን ሳይወጣ እየሠራንበት እንበደራለን፤ መያዣነቱ ግን በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ሆኖም ልብ እንበል። አዋጁ አበዳሪውን «የግድ አበድር» አይለውም። ዕዳው ካልተከፈለም ዕቃው ተወስዶ ይሸጣል። ስለዚህ የእንጀራችንን ዕቃ ለድግስ ብድር አናስይዝ። ከሁሉ በፊት ደግሞ «ዕቃው ያንቺ ለመሆኑ ማስረጃሽ የት አለ?» መባላችን አይቀርም። ደረሰኙን የጣለች እህት እዚያው ላይ ትቆማለች።

ሁለተኛው የቤተሰብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በጋብቻም፣ በንብረትም፣ በውርስም እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሌ ነው ባዩ ካላስረዳ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጥረዋል። ዋጋ ያለውን የጋራ ዕቃ መሸጥም ሆነ ማስያዝ የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ ይህ ሕግ ግን ለብዙዎቹ መነሻ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ጋብቻው ራሱ በምን ይታወቃል? ብዙዎቻችን በሽማግሌ ፊት ተጋብተን፣ ወልደን፣ አብረን ጀልባና መረብ ገዝተን ያለ ወረቀት ኖረናል። ባል ሲሞት ወይም ትቶ ሲሄድ ዘመድ መጥቶ «አንቺ ማን ነሽ?» ይላል። ያን ጊዜ በሐዘን ላይ ሆኖ ምስክር ፍለጋ መንከራተት ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጋብቻና ሞት በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። በባህልም ሆነ በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ ይመዘገባል። ጊዜው አልፎብናል ብለን አንቅር፤ ዘግይቶም ማስመዝገብ ይቻላል።

ሦስተኛው የልጆቻችን ሥራ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርክና በሆቴል ለሚሠሩት ልጆቻችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ አድርጎታል፤ ከደመወዝ ጋር። ቀድሞ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር። የሥራ ውላቸው በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ የጽሑፍ ማስረጃ ሊሰጣቸው ይገባል። ይህን ወረቀት ይጠይቁ።

እንግዲህ ሦስቱም አንድ ነገር ይነግሩናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደተባለው፣ መብቱ በአዋጅ ቢኖርም ማስረጃው ቤታችን ከሌለ ለችግራችን አይደርስም።

ስለዚህ እያንዳንዷ አባል አንድ ክላሰር ታዘጋጅ፤ መታወቂያ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ ውል በአንድ ቦታ ይቀመጡ። ማንበብ የሚከብዳትን የምታነብላት ጎረቤት አታሳፍራት። ክርክር ለገጠማት ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት፤ ብቻዋን አትሂድ፣ እንሸኛታለን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የሥራ መነሻ ገንዘብ ስትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። ለፎቶ ኮፒ፣ ለታክሲና ለምዝገባ የምትሰጡን ትንሽ ብር ግን ያ ገንዘብ ያፈራውን ንብረት ከባለቤቷ እጅ እንዳይወጣ ይጠብቅልናል።