የልብን ነገር መመርመር እንዴት ይፈጸማል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ርእሳችንን ስንመርጥ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ገና የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሳንፈተን ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ምን አገባን?» ብለውን ነበር። ነገር ግን ከደምበጫ ወጥተው ከፍተኛ ትምህርት የሚማሩ ታላላቆቻችን ለበዓል ሲመጡ፥ ትምህርቱን ጨርሰው የመመረቂያው ጽሑፍ ብቻ ሲያዘገያቸው አይተናል። «ምን ያዛችሁ?» ብለን ስንጠይቃቸው የሰጡን መልስ እኛንም የሚመለከት ሆኖ አገኘነው።

ሥነ ልቡና ማለት ሰው እንዴት እንደሚያስብ፥ ስለ ምን እንደሚፈራ፥ እንዴትስ እንደሚማር የሚመረምር ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ለማግኘት የሚሻ ሰው የሌሎችን መጻሕፍት አንብቦ መፈተን ብቻ አይበቃውም። አንድ ጥያቄ ራሱ አንሥቶ፥ ሰዎችን ጠይቆ፥ ያገኘውን ጽፎ፥ በመርማሪዎች ፊት ቆሞ መልስ መስጠት አለበት።

የመጀመሪያው እንቅፋት የጥያቄው ስፋት ነው። «የወጣቶች ችግር» ብሎ የተነሣ ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል እንጂ ጽሑፉን አይጨርስም። «ከገጠር መጥተው በደምበጫ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ናፍቆት» ያለ ግን ማንን እንደሚጠይቅ፥ የት ሄዶ እንደሚያገኘውና መቼ እንደሚያቆም ያውቃል። ሁለተኛው እንቅፋት በአንድ ጊዜ አሳምሮ ለመጻፍ መመኘት ነው። አባቶቻችን መሬቱን አንድ ጊዜ ገምሰው ጤፍ አይዘሩም፤ ደጋግመው ያርሱታል። ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ በቀይ ቀለም አርሞ ሲመልሰው ተናቅሁ ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚከተው ተማሪ፥ ማሳውን ከግምሱ ላይ ጥሎት የሄደ ገበሬ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰውን ልብ መጠየቅ ነው። ለዚህም ከሥነ ልቡና ጎረቤት ከሆነው ከአእምሮ ሕክምና አንድ ምሳሌ እናቀርባለን። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 በስዊድን አገር በኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ሲፈጽሙ፥ ያጠኑት በአገራችን ገጠር ያለውን የአእምሮ ጤና ነበር። ጥናቱ የተደረገው በቡታጅራ ሲሆን፥ በዚያም 10,468 አዋቂ ሰዎች ተጠይቀዋል። ከመቶው 17 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው ታወቀ። በሌላ የጥናቱ ክፍል፥ አገሩን በደንብ ያውቃሉ የተባሉ 100 ሰዎች ተጠይቀው፥ ለሥጋ ሕመም ዘመናዊውን ሕክምና፥ ለአእምሮ ሕመም ግን ይልቁን ባህላዊውን መፍትሔ እንደሚመርጡ ተናገሩ። ይህ በእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተጨነቀ ሰው አስቀድሞ ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ተመራማሪው ግን «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ይሰማል።

በዚህ ጥናት የተሠራበት መጠይቅ በዓለም የጤና ድርጅት የተሰናዳ ሲሆን፥ «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉት። እንቅልፍ ይነሣሃልን? ከወትሮው ይልቅ ታለቅሳለህን? ሆድህን አይመችህምን? እያለ ይጠይቃል። ስለ ኀዘን የሚጠይቀውም ለብቻው አለ። እዚህ ላይ አማርኛችንን እናስተውል። በእኛ አገር አንዲት እናት «ሆዴን ባሰኝ» ብትል ስለ ምግብ መናገሯ አይደለም፤ ተከፍታለች ማለት ነው። «ሆዴ ባባ» ብትልም እንዲሁ። ስለዚህ ከውጭ ቋንቋ የመጣ መጠይቅ ሲተረጐም፥ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ እንዲተረጕመውና ሁለቱ እንዲመሳከሩ ይደረጋል። ይህን ሥራ የናቀ ተማሪ የእናታችንን ኀዘን ከጨጓራ ሕመም ይቈጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ ስሌቱ ምንም ቢያምር ጽሑፉ ውሸት ነው።

አሁን ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት በክበባችን ተማሪ ስለ ፈተና ምን እንደሚፈራ የሚጠይቅ ወረቀት አዘጋጅተን አደልን። ሳናስብበት ስም እንዲጻፍበት አደረግን። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ከእኛ አንዱ የአንዲትን እኅታችንን መልስ ጮክ ብሎ አነበበው፤ እኛም ሳቅን። ልጅቱ ሳምንት ሙሉ ከክፍል ቀረች። ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ወረቀቶቹንም ሁሉ አቃጠልናቸው። ዛሬ ይህን እንድንናገር አስቀድመን ጠይቀናት ፈቅዳልናለች፤ የጻፈችውን ግን አንደግመውም፤ የእርሷ ነውና።

በኋላ ከታላላቆቻችን እንደ ተረዳነው፥ በዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለው ጥናት ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረመራል። ተጠያቂው ስለ ጥናቱ ተነግሮት ፈቃዱን ይጠየቃል፤ እምቢ ቢል ወይም ከመካከል ቢተው አይገደድም። በስሙም ፈንታ ቍጥር ይጻፋል። እኛ ይህን ለቢሮ ወግ የሚደረግ ይመስለን ነበር። አሁን ግን የሥራው መሠረት እንደ ሆነ ገባን። ምክንያቱም የተናቀ ሰው ሁለተኛ እውነቱን አይናገርም፤ እውነት ካልተነገረ ደግሞ የሚጻፍ ነገር የለም።

እንግዲህ ጽሑፉ ተፈጸመ የሚባለው መቼ ነው? ገጹ ሲሞላና ጥራዙ ሲያምር ብቻ አይደለም። የጠየቅናቸው ሰዎች ቃላቸው ሳይጣመም ሲጻፍ፥ ምስጢራቸውም ሲጠበቅ፥ ያሰብነው ሳይሆን ያገኘነው ሲነገር ያን ጊዜ ተፈጸመ እንላለን።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከመካከላችን አንድ ቀን ይህን ሥራ የሚሠራ ይወጣ ይሆናል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ እስክንገባ አንጠብቅ። ጓደኛችን ሆድ ሲብሰው ምን እንደ ሆነ በቀስታ እንጠይቀው፤ የነገረንንም በልባችን እንያዘው። ክቡራን ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ «ፈራሁ» ሲላችሁ ሰነፍ አትበሉት፤ ስለ ምን እንደ ፈራ ጠይቁት። መምህራኖቻችንም በቀይ ቀለም ማረማችሁን እንዳትተዉብን እንለምናለን።