የኮሌጅ ተማሪ የገበያውን ሰው ስለ መርዳቱ

ለመምህራንና ለሀገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የገበያ ሀገር ናት። ከአፋር ቈላ የተቈረጠው አሞሌ ጨው በጭነት ከብት ወደ ዋግ ይመጣ ነበርና፥ ሰቆጣ ጨው የሚራገፍባትና የሚሸጥባት ስፍራ ነበረች። አሞሌውም በዚያ ዘመን ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበረ። ስለዚህ «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፤ ሞኝ ይልሳል» የሚለው ምሳሌ ለዋግ ሰው ትርጓሜ አያሻውም። ሞኝ የተባለው፥ ዋናው እየጠፋ ሳለ ፍርፋሪው የጣፈጠው ሰው ነው።

ይህ ምሳሌ ዛሬም በትንሹ ነጋዴ ላይ ይደርሳል። አንዲት ማር ሻጭ 20 ኪሎ ማር ኪሎውን በ300 ብር ገዝታ በ350 ብር ሸጠች እንበል። 6,000 ብር አውጥታ 7,000 ብር ስላገኘች «1,000 ብር አተረፍሁ» ብላ ያንኑ ለቤቷ ቀለብ አዋለችው። ነገር ግን ለጭነት 200፥ ለማር መያዣ ዕቃ 100፥ ለልዩ ልዩ ወጪ 50 ብር ከፍላ ነበር። እንግዲህ እውነተኛው ትርፍ 650 ብር ነው፤ 350 ብሩ ከዋናው የተበላ ነው። ሴትዮዋ ሰነፍ ወይም አባካኝ አይደለችም፤ የጐደላት ወጪን የሚያሳይ ጽሑፍ ብቻ ነው። በደኅና ዓመት ጉድለቱ አይታወቅም። ነገር ግን እንደ 1977 ዓ.ም. ያለ ድርቅ ወይም እንደ 2013 እና እንደ 2014 ዓ.ም. ያለ ጦርነት ሲመጣ፥ ዋናው ቀድሞ የተሸራረፈበት ቤት መቋቋሚያ ያጣል።

ታዲያ ይህን ማን ያሳያት? የኮሌጅ ተማሪ ሊያሳያት ይችላል። ተማሪ ወጥቶ ሕዝብን ማገልገሉ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ ተማሪዎቹ ዲግሪ ሳይቀበሉ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደነገገ፤ ብዙዎቹም በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ አገልግሎቱን ራሱን ትምህርት አደረገው፤ ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ሕዝቡ ወርደው፥ ቤት ለቤት ጠይቀው፥ ችግሩን ከባለቤቶቹ ጋር መርምረው መፍትሔ እንዲሹ አደረገ። በንግድም በኩል የቴክኒክና ሙያ ተቋሞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን በሚባለው ሥራ ለትናንሽ ድርጅቶች በሙያ፥ በንግድ አመራር፥ በቴክኖሎጂና ከጃፓን በመጣው ካይዘን በሚባለው የሥራ ሥርዓት ርዳታ እንዲሰጡ ተደርጓል።

ነገር ግን ተማሪ ወደ ገበያ ሲወርድ ሊጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

፩ኛ፤ ከማስተማሩ በፊት ይማር። የሒሳብን አያያዝ ከመጽሐፍ ቢያውቅም፥ ሐዘን ለደረሰበት ጎረቤት የተሰጠ ዱቤ እስከ መቼ እንደማይጠየቅ መጽሐፉ አልነገረውም። ሻጪቱም ኽምጣና ተናጋሪ ብትሆን በቋንቋዋ የሚጠይቃት ሰው ይፈልግ።

፪ኛ፤ ምክር ሳይሰጥ ከጧት እስከ ማታ አብሯት ይዋል፤ የገባውንና የወጣውን ይጻፍ። ማታ ጽሑፉን ሲያነብላት ጉድለቱን እርሷ ራሷ ታገኘዋለች። ራሱ ያገኘውን ነገር ሰው አይረሳውም።

፫ኛ፤ የሰማውን አያውራ። የነጋዴ ሒሳብ የቤቱ ምሥጢር ነው። አንድ ጊዜ ምሥጢሯ ከወጣ፥ ከእርሷ በኋላ ለሌላ ተማሪ እውነቱን የሚናገር ነጋዴ አይገኝም።

፬ኛ፤ ሲሄድ የሚቀር ነገር ይተው። ጥበቡም ቀላል ይሁን፤ በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመር፤ በአንደኛው የተገዛበት፥ በሁለተኛው ልዩ ልዩ ወጪ፥ በሦስተኛው የተሸጠበት ይጻፍ። ገንዘቡም በሁለት ከረጢት ይለይ፤ አንዱ የዋናው፥ ሌላው የትርፉ ይሁን።

የእናንተም ድርሻ በዚህ ላይ ነው። ተማሪው ወራቱን ፈጽሞ ወደ ኮሌጁ ይመለሳል፤ ከእርሱ ጋር ደብተሩም ቢዘጋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ነገር ግን የማር ሻጯ ልጅ፥ የሸማኔው ልጅ፥ የቀጥቃጩ ልጅ በእናንተ ትምህርት ቤት ተቀምጠው መደመርና መቀነስ ይማራሉ። መምህሩ የሒሳቡን ጥያቄ ከገበያው ቢያወጣ፥ ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ የእናቱን ደብተር መሙላት ይችላል። ሽማግሌውም «ይህ ተማሪ የመጣው ሊረዳ ነው፤ የሰማውን አያወጣም» ብሎ ዋስ ቢሆንለት፥ ተዘግቶ የነበረው ደጅ ይከፈታል።

እንዲህ ከሆነ ተማሪው ዕውቀቱ በሰው ኑሮ ላይ ተፈትኖ ይመለሳል፤ ማር ሻጯም ክፉው ቀን ሲመጣ ዋናዋ በእጇ ይገኛል። የጨው ገደሉ ሳይናድ ደግፎ ማቆም ማለት ይህ ነው።