ኮባ ሳያብብ ልጁን ስለ ማውጣት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንደምታውቁኝ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜዬም ያለቀው በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ጓሮዬን ስኮተኩት እውላለሁ። ዛሬ የምናገረው ከዕቃ ቤታችን ጀርባ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ስላሉት ሦስት ኮባዎች ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ቢሆንም እስከ የካቲት ድረስ አንድ ነገር ካልቆረጥን ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዱም አይኖረንም።

ስለ ኮባ ጥቅም ለእናቶቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአርባ ተዝካር ሲደርስ ዳቦው የሚጋገረው በኮባ ነው። ቅጠሉ እሳት ላይ ለብለብ ተደርጎ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይፈስበታል፤ ከላይም ሌላ ቅጠል ይለብስና አክንባሎ ይደፋበታል። ዳቦው አያርም፣ አይጣበቅም፣ መዓዛውም ልዩ ነው። አምና በአንድ ተዝካር ላይ ቅጠል አልበቃ ብሎ ወረቀት ነጥፈን ጋግረን ነበር። ወረቀቱ ከዳቦው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ካህናቱ አንዱን ጉርሻ ሲፍቁ አንዱን ሲያላምጡ ያየነውን አንረሳውም። ባለቤቷ የሞተባት ሴት ናት በዚያ ያፈረችው፤ ጥፋቱ ግን የእሷ ሳይሆን የኛ የዕድርተኞቹ ነበር።

እኔ ይህን ነገር የተማርኩት በጉዳት ነው። እናቴ፣ ነፍስዋን ይማርና፣ ከቤታችን ጀርባ አንድ ትልቅ ኮባ ነበራት። ጎረቤቱ ሁሉ ቅጠል የሚቆርጠው ከእሷ ነበር። አንድ ዓመት ላይ አዲስ የሚወጣው ቅጠል እያነሰ እያጠረ መጣ፤ ከዚያ ከመሐሉ ትልቅ አበባ ብቅ ብሎ አዘቀዘቀ። እኛ አበበልን ብለን ደስ አለን። ፍሬ ያዘ፤ ከዚያም ግንዱ እየሟሸሸ ሄዶ ወደቀ። እንደ ሙዝ ከሥሩ ልጅ ይወጣል ብለን አንድ ክረምት ሙሉ ጠበቅን። ምንም አልወጣም። እናቴ ከዚያ በኋላ እስክታርፍ ድረስ ቅጠል ከሰው ቤት እየለመነች ነው የጋገረችው። የራስዋም ተዝካር የተጋገረው በልመና ቅጠል ነው።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ከወልቂጤ አካባቢ ተዛውሮ ለመጣ የሥራ ባልደረባዬ ይህንን ባጫውተው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙዝ አይደለም። ሙዝ ሳይጠየቅ ይወልዳል፤ እንሰት ግን ካላስወለዱት አይወልድም» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮባ የምንለው የእንሰት ወገን ነው። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ አፍርቶ፣ ይሞታል። ጥቁሩ ፍሬው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ ቢዘሩትም ለመብቀል ያስቸግራል። ስለዚህ ልጅ የሚፈልግ ሰው ሳያብብ በፊት፣ ገና ጉልበት እያለው፣ ሥሩን ከፍሎ ማስወለድ አለበት።

ይህ ተክል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በደቡብ ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ጌዴኦው፣ ወላይታው፣ ከፋው ቆጮና ቡላ እያደረገ ይመገበዋል። በእንሰት የሚኖረው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይነገራል። በኛም በኩል የቆየ ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 በዚሁ በሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር ገብቶ ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ እንሰትን ከነሥዕሉ አውጥቶታል፤ በጎንደርም እንደሚበቅል ጽፏል። በ1853 ደግሞ ፕላውደን የሚባለው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ቦታ ልኮ እዚያ አድጓል። የዓለም ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚጠሩት «እንሰት» በሚለው በኛው ስም ነው። ፈረንጅ ለጌጥ ብሎ በብርድ አገር እየተንከባከበ ሲያኖረው፣ እኛ ለዳቦአችን የምንፈልገውን ማጥፋት አይገባንም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

አንደኛ፣ ምርጫው ነው። የሚቆረጠው ያረጀው ሳይሆን ሦስት አራት ዓመት የሆነው ጤነኛው ነው። ቅጠሉ ማነስ የጀመረ ኮባ ጉልበቱን ለአበባው እየሰጠ ስለሆነ ብዙ አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ ግንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ተትቶ ይቆረጣል። ከዚያ ሥሩ በዶማ ዙሪያውን ተቆፍሮ ይወጣል። ጉራጌዎች አሚቾ የሚሉት ድቡልቡል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከመሐል ያለው እምብርት በቢላዋ ተፈልቅቆ ይወጣል። ዋናው ነገር ይኸ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሞክር አሳዘነኝና እምብርቱን ተውኩት። ታዲያ ያው አንዱ ግንድ ተመልሶ አደገ እንጂ አንድም ልጅ አልሰጠኝም። እምብርቱ ሲወጣ ነው ድቡልቡሉ በዙሪያው ልጅ ማብቀል የሚጀምረው።

አራተኛ፣ ትልቅ ከሆነ ለሁለት ወይም ለአራት ይከፈልና ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። በሁለተኛው ሙከራዬ እርጥቡን ቀብሬው በሰበሰብኝ።

አምስተኛ፣ ፍግ ከአፈር ጋር በተቀላቀለበት ጉድጓድ ይቀበርና ላዩ ሳር ይለብሳል። በቆላና በወይና ደጋ በሁለት በሦስት ወር ይበቅላል። በኛ ብርድ ግን ሊዘገይ ይችላልና ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትቆፍሩት። ከአንዱ ሥር አርባና ከዚያ በላይ ልጅ ሊወጣ ይችላል። እኔ በሦስተኛው ሙከራዬ ሠላሳ አንድ አግኝቻለሁ።

ስድስተኛ፣ ልጆቹ አንድ ዓመት ከእናታቸው ሥር ይቆዩና በሰኔ፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ እያንዳንዱ ከነሥሩ ተገንጥሎ ይተከላል። መጨረሻ ላይ በመካከላቸው አራት ክንድ ያህል ይፈልጋሉ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። እንሰት እስከ 3000 ሜትር ገደማ ይበቅላል። የኛ ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ ስለሆነች ጫፍ ላይ ነን ማለት ነው። ጠላታችን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ከሠላሳ አንዱ ልጆቼ መካከል ሜዳ ላይ የተከልኳቸው ዘጠኙ በአንድ ሌሊት ጠቁረው አደሩ። ከግድግዳ ጥግና ከወይራ ሥር ያሉት ግን ተረፉ። ዛፍ ውርጩንም ይከለክላል፣ ቅጠል የሚተለትለውንም ነፋስ ያበርዳል። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን አትትከሉ፤ ውኃውን ሁሉ ይጠጣዋል። ፍልፈልና ጃርትም ሥሩን ስለሚወዱ አካባቢውን ማየት ነው።

በሽታም አለ። አጠውልግ ይባላል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ምክንያቱን አውቀው ጽፈውበታል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። መድኃኒት የለውም። የሚተላለፈውም በቢላዋ ጭምር ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ግዴታ ነው። ቅጠል ለመቁረጥ የምትመጡ ሁሉ ይህን አስቡ።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ኮባዎቻችን ልመለስ። ከግድግዳው በኩል ያለው ትልቁ ቅጠሉ ማነስ ጀምሯል። ብዙ ጊዜ የለውም፤ እስኪያብብ ቅጠሉን እንጠቀምበት። ትንሹ ገና ነው። የሚቆረጠው መካከለኛው ነው። አዎን፣ ሁላችሁም የምትወዱት፣ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ባለፈው ለኮሚቴው ስነግር «ጤነኛውን ለምን ትገድላለህ?» ተብዬ ተቆጥተውኛል። ቁጣው ይገባኛል። እኛም በእናቴ ጊዜ አሳዝኖን ነበር ያልነካነው፤ ሳንነካው ሞተ፣ ዘርም አልቀረለትም።

ስለዚህ ጉባኤው ሁለት ነገር እንዲወስን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መካከለኛው ኮባ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ብርዱ ሲሰበር፣ እንዲቆረጥ። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ሲደርሱ አሥሩ ለዕድሩ ግቢ ቀርተው፣ ሌላው በዕጣ ለአባሎች እንዲታደል። ዕጣው የወጣለት ሰው ሐዘን በደረሰ ጊዜ ቅጠል እንዳይከለክል በመዝገባችን ይፈርም። መዝገቡን እኔ እይዛለሁ፤ እሱ እንኳ ሙያዬ ነው።

ከአባሎች መካከል ፍግ ያላችሁ ሁለት ሁለት ቅርጫት ብታዋጡ ይበቃል። ዶማና ቢላዋ ከእኔ።