የሻጋታው እስትንፋስና የቡናችን ገለፈት



ስለ ሻጋታ ልንናገር ስንቆም ፈገግ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ለስላሳ መጠጥን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ከሎሚ ሳይሆን አስፐርጊለስ ናይጀር ከተባለው ጥቁር ሻጋታ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ከሪ ሻጋታው አሲዱን በብዛት እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ1917 ጻፈ፤ በ1919 የፋይዘር ኩባንያ ምርቱን ጀመረ።

ሻጋታው ስኳር በልቶ ሲተነፍስ ሁለት መንገድ አለው። በዋናው መንገድ ኤሌክትሮኖች በየደረጃው ወርደው ኦክሲጅን ዘንድ ሲደርሱ፥ ኤቲፒ የተባለ የጉልበት ስንቅ ይጠራቀማል። ሁለተኛው አቋራጭ ነው፤ ስንቁ ያንሳል፥ የቀረው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። አቋራጩን የሚከፍተው አማራጭ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን ጂን የጃፓን ተመራማሪዎች በ1999 ከዚሁ ሻጋታ ለይተው አወጡት።

ታዲያ ብክነት ለምን ይጠቅማል? ኤቲፒ ሲበዛ የስኳሩ መፈጨት ይታገዳል። አቋራጩ ሲከፈት ግን ስኳሩ ሳይታገድ ይፈጫል፤ አሲዱም ይበዛል። አየር ለጥቂት ጊዜ እንኳ ሲቋረጥ ሻጋታው ማደጉን ሳይተው አሲድ መስጠቱን እንደሚተው በሙከራ ታይቷል። እንግዲህ የፋፋ ሁሉ አምራች አይደለም።

ይህ ነገር ለጅማ ምኗ ነው? ከእሸት ቡና ክብደት 40 ከመቶ ያህሉ ገለፈት ነው። በአጋሮ፥ በሊሙና በጌራ አካባቢ ቡናው ሲፈለፈል ገለፈቱና እጣቢው ወንዝ ከገባ፥ ተህዋስያን ሲያበሰብሱት የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። የዩኒቨርሲቲያችን ተመራማሪዎች በወንዞቻችን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለክተው ጽፈዋል። በህንድና በብራዚል ግን በዚሁ ገለፈት ላይ ሻጋታ አብቅለው ሲትሪክ አሲድ አውጥተዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ሆኖም ሻጋታ መዝራት ብቻውን አይበቃም። ካፌይንና ታኒን ሻጋታውን ያዳክሙታል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አየር የሚነፋው መሣሪያ ይቆማል። ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ከገለፈት ክምሮቻችን ሻጋታዎችን እንሰብስብ፤ ስንመርጥም ክብደታቸውን ብቻ ሳይሆን አተነፋፈሳቸውን እንለካ። ሁለተኛ፥ ያ እስኪሳካ ድረስ ገለፈቱ ኮምፖስት ሆኖ ወደ ማሳው ይመለስ እንጂ ወንዝ አይግባ።

ወንዙም ሻጋታውም የሚኖሩት በአየር ነው፤ የአንዱን እስትንፋስ ስናውቅ የሌላውን እናተርፋለን።